ለትምህርት ቤት ሕንፃዎች የኃይል ቁጠባና የታዳሽ ኃይል ማሻሻያ፦ አሶሳና የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የአገሪቱ ትልቁ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚገኝበት ክልል ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። በዚሁ ክልል ግን ከኤሌክትሪክ መረብ ርቀው የተተከሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በራቸው የሚዘጋ ትምህርት ቤቶች አሉ። ለእነዚህ ትምህርት ቤቶች የኃይል ጉዳይ ስለ አምፖል ብቻ የሚነሳ ጥያቄ አይደለም። ተማሪዎች ለፈተና በጋራ የሚዘጋጁበትን ምሽት፣ የኮምፒዩተር ትምህርት በተግባር የሚሰጥበትን ዕድል፣ የመጠጥ ውሃን፣ የምገባ ኩሽናን፣ እንዲሁም መምህራን በገጠር ረግተው የመሥራታቸውን ጉዳይ ይነካል።

ይህ ጽሑፍ የትምህርት ቤት አመራሮች፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቶች፣ የወረዳ ትምህርትና የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤቶች እንዲሁም ድጋፍ የሚያደርጉ አካላት አንድን የትምህርት ቤት ሕንፃ ለማሻሻል ሲያስቡ ሊከተሉት የሚገባውን ቅደም ተከተል ያብራራል። ቅደም ተከተሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ አስቀድሞ ሕንፃውንና ዕቃዎቹን በማሻሻል ፍጆታን መቀነስ፣ ቀጥሎ የቀረውን ፍላጎት የሚመጥን ኃይል ማመንጨት፣ ከሁሉም ጋር ደግሞ ጥገናውንና የባትሪ መተኪያ ገንዘቡን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማዘጋጀት ናቸው።

ግድቡ ባለበት ክልል ትምህርት ቤቶች ለምን ኃይል ያጣሉ?

ከሕዳሴ ግድብ የሚወጣው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት ከፍተኛ ተሸካሚ መስመር ወደ አገሪቱ መረብ ይገባል። ይህን ያህል ኃይል የተሸከመ መስመር በአንድ ቀበሌ አናት ላይ ቢያልፍም ቀበሌው በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። ኃይሉ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ መካከለኛ መጠን፣ ማለትም ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት፣ ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያም በመካከለኛ መስመር ወደ መንደሩ ደርሶ በትራንስፎርመር ለቤትና ለተቋም ወደሚስማማው መጠን ይለወጣል። እያንዳንዱ ደረጃ ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና የሰው ኃይል ይጠይቃል።

የክልሉ አሰፋፈር ይህን ሥራ የበለጠ ያከብደዋል። ክልሉ 50 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የሕዝቡ ቁጥር 800 ሺህ እንኳ የማይሞላ፣ አብዛኛውም በገጠር የሚኖር ነበር። ሕዝብ ተበታትኖ በሰፈረበት አካባቢ ለአንድ ደንበኛ የሚዘረጋው መስመር ይረዝማል፤ ወጪውም በዚያው መጠን ይጨምራል።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ይህን እውነታ ከግምት ያስገባ ነበር። በወቅቱ 44 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ኤሌክትሪክ ያገኝ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 33 በመቶው ከመረብ፣ 11 በመቶው ከመረብ ውጪ ነው። ፕሮግራሙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 ሁሉን አቀፍ ተደራሽነትን ግብ አድርጎ፣ 65 በመቶውን በመረብ፣ 35 በመቶውን ከመረብ ውጪ በሆኑ አማራጮች ለማዳረስ አቅዷል። ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት ከመረብ ውጪ ባለው ክፍል ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ተቋማት መካከል ናቸው። የዓለም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ያጸደቀውና በ500 ሚሊዮን ዶላር የሚደገፈው ያልተማከለ የኤሌክትሪክና የመብራት ተደራሽነት ፕሮጀክትም 1,400 የጤናና የትምህርት ተቋማትን አዲስ ወይም የተሻሻለ አገልግሎት ተጠቃሚ ለማድረግ የታቀደ ነው።

ስለዚህ መረቡ ባልደረሰበት ቀበሌ የሚገኝ ትምህርት ቤት የሶላር ኃይል ቢያስተክል ከመረቡ ተስፋ ቆረጠ ማለት አይደለም። በአግባቡ የተተከለ ሥርዓት መስመሩ ሲደርስ ለመጠባበቂያነት ያገለግላል፤ ለፍጆታ ቅነሳ የወጣውም ገንዘብ የመብራት ሒሳብን ስለሚቀንስ አይባክንም።

የአካባቢው ፀሐይና የትምህርት ዘመኑ

የኢትዮጵያ ዓመታዊ አማካይ የፀሐይ ጨረር በቀን በአንድ ካሬ ሜትር 5.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ እንደሆነ የቀደሙ የሀብት ጥናቶች ያሳያሉ። አገራዊው አማካይ በየካቲትና በመጋቢት ወደ 5.55 ከፍ ሲል በሐምሌ ወደ 4.55 ዝቅ ይላል። እንደ ቦታውም ይለያያል፤ በጋምቤላ ክልል ኢታንግ 4.25፣ በትግራይ ክልል አዲግራት 6.25 ይደርሳል። የምዕራቡ ቆላና ወይና ደጋ ከሰሜኑና ከምሥራቁ ይልቅ ደመና ስለሚበዛበት፣ በአሶሳ አካባቢ ለሚተከል ሥርዓት ከአገራዊው አማካይ ይልቅ በቀን 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይዞ ማስላት ጥንቃቄ የተሞላበት መነሻ ነው።

በዚህ ረገድ ትምህርት ቤት ከሌሎች ተቋማት የተለየ ዕድል አለው። በአሶሳና አካባቢው ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይጥላል፤ ደመናው የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ሁለት ወራት መደበኛ ትምህርት የለም። ፀሐይዋ በምትደምቅባቸው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ደግሞ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። ጤና ጣቢያ በክረምቱም የክትባት ማቀዝቀዣውን ማስኬድ ስላለበት ለሐምሌ ደመና መዘጋጀት ግድ ይለዋል። ትምህርት ቤት ግን ሥርዓቱን ለሰኔና ለመስከረም ቢያሰላው ይበቃዋል። ከዚህም በላይ የትምህርት ቤት ዋናው ሥራ የሚከናወነው በቀን ስለሆነ ብዙው ኃይል በባትሪ ሳይቀመጥ በቀጥታ ጥቅም ላይ ሊውል ይችላል። ባትሪ ከሥርዓቱ ክፍሎች ሁሉ ቶሎ የሚያረጅ በመሆኑ ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ሕንፃውን ማሻሻል

በክልሉ ያሉ አብዛኞቹ የመማሪያ ክፍሎች የቆርቆሮ ጣሪያ አላቸው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ጊዜ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል፤ ግለቱም በቀጥታ በተማሪዎች ራስ ላይ ይወርዳል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ድምፁ የመምህሩን ንግግር ይውጠዋል። ሁለቱንም ችግሮች ያለ አንዳች ኤሌክትሪክ መቀነስ ይቻላል።

ኮርኒስ ማስገባት የመጀመሪያው ርምጃ ነው። ከቆርቆሮውና ከኮርኒሱ መካከል ያለው አየር ሙቀቱንም ድምፁንም ይቀንሳል፤ ለዚህ ግን አየሩ በጣሪያው ጫፎች በተተዉ ክፍተቶች መውጣትና መግባት አለበት። ክፍተቶቹ የሌሊት ወፍና ወፎች እንዳይገቡባቸው በወንፊት ሽቦ ይሸፈናሉ። ክልሉ ከአገሪቱ የቆላ ቀርከሃ (ሽመል) ሽፋን ከፍተኛ ድርሻ ያለው በመሆኑ፣ የቀርከሃ ምንጣፍ ከሌላ ቦታ ተጭኖ ለሚመጣ ችፑድ ጥሩ ምትክ ነው፤ ለአካባቢው ሸማኞችም ገበያ ይፈጥራል። ይሁንና አካባቢው በምስጥ የታወቀ ስለሆነ ቀርከሃው ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ፣ ከተቆረጠም በኋላ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውህድ ተነክሮ የደረቀ መሆን አለበት። ይህ ካልተደረገ ኮርኒሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በምስጥና በነቀዝ ይበላል።

የቆርቆሮውን ውጫዊ ገጽ በነጭ ወይም ብርሃን በሚያንጸባርቅ ቀለም መቀባት የሚገባውን ሙቀት ይቀንሳል። የክፍሉን የውስጥ ግድግዳና ኮርኒስ በነጭ ቀለም ወይም በኖራ መቀባት ደግሞ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ወደ ክፍሉ ጥግ እንዲደርስ ያደርጋል። በደመናማ ቀንም ቢሆን በነጭ የተቀባ ክፍል በቀን መብራት የማያስፈልገው ሊሆን ይችላል። ከቆርቆሮው መካከል አንድ ሁለቱን ብርሃን በሚያስተላልፍ ቆርቆሮ መተካት የሚጠቅመው መጋዘንንና መተላለፊያን ነው፤ በመማሪያ ክፍል ግን ብርሃኑ ሙቀትም ይዞ ስለሚገባ በቁጥብነት ሊሠራበት ይገባል።

አዲስ ክፍል ሲገነባ የአቀማመጥ ጉዳይ ወሳኝ ነው። አሶሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ረጅሙ የሕንፃ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጋ መስኮቶቹ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዞራሉ፤ የጧትና የማታ ፀሐይም በቀጥታ አይገባም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በስተ ሰሜን በኩል ስለምታልፍ የጣሪያው ክፈፍ በሁለቱም በኩል ሊረዝም ይገባል። በመኝታ ቤትና በቢሮ ብዙም የማይታሰብበት ይህ ነጥብ 50 እና 60 ተማሪዎች በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ትኩረት ሰጥቶ በመማርና በላብ ተጠምቆ በመቀመጥ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ፦ የዕቃዎቹን ፍጆታ መቀነስ

አንድ ባለ 60 ዋት የቀድሞው ዓይነት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ይሰጣል። ከማስጀመሪያ ባላስቱ ጋር 45 ዋት ገደማ የሚወስደውን ረጅም ፍሎረሰንትም ባለ 18 ዋት ኤልኢዲ ይተካዋል። በኮምፒዩተር ክፍል ደግሞ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኮምፒዩተር ከነስክሪኑ 120 ዋት ገደማ ሲወስድ ላፕቶፕ 40 ዋት ቢወስድ ነው።

የእነዚህ ለውጦች ድምር ውጤት በሚከተለው ማሳያ ይታያል። ትምህርት ቤቱ ሦስት የመማሪያ ክፍሎችንና ቤተ መጻሕፍቱን በምሽት ለሦስት ሰዓት ያበራል፤ እያንዳንዱ ክፍል አራት አምፖል አለው። አሥራ አምስት ኮምፒዩተሮችን በቀን ለአራት ሰዓት ይጠቀማል፤ አራት የጥበቃ መብራቶችን ለአሥራ ሁለት ሰዓት ያበራል፤ ለቢሮ ሥራ ደግሞ 500 ዋት ሰዓት ይበቃዋል።

- በቀድሞዎቹ ዕቃዎች፦ የክፍል መብራት 2,160፣ ኮምፒዩተር 7,200፣ የጥበቃ መብራት 2,880፣ ቢሮ 500፤ በድምሩ በቀን 12,740 ዋት ሰዓት።
- በተሻሻሉት ዕቃዎች፦ የክፍል መብራት 864፣ ኮምፒዩተር 2,400፣ የጥበቃ መብራት 432፣ ቢሮ 500፤ በድምሩ በቀን 4,196 ዋት ሰዓት።

አገልግሎቱ ሳይቀነስ ፍጆታው ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። በቀን 4.5 ኪሎዋት ሰዓት የፀሐይ ጨረርን ይዞ፣ በአቧራ፣ በሙቀት፣ በሽቦና በባትሪ የሚባክነውን 35 በመቶ ቀንሶ ሲሰላ ለመጀመሪያው 4.4 ኪሎዋት፣ ለሁለተኛው 1.5 ኪሎዋት ገደማ የሶላር ፓኔል ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩና ቢሮው በቀን በቀጥታ ከፓኔሉ ቢሠሩ ለባትሪ የሚቀረው የሌሊቱ መብራት ብቻ ነው። እርሱም ከ5,040 ወደ 1,296 ዋት ሰዓት ይወርዳል። የሁለት ቀን መጠባበቂያ ተይዞ፣ ሊቲየም ባትሪ እስከ 80 በመቶ ብቻ እንዲወጣበት ተደርጎ ሲሰላ የሚያስፈልገው ባትሪ ከ12.6 ኪሎዋት ሰዓት ወደ 3.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቀንሳል። ለአምፖል የወጣው ጥቂት ገንዘብ ከባትሪ ግዢ ብዙ እጥፍ ያተርፋል ማለት ነው። አንድ ትምህርት ቤት የሶላር ሥርዓት በስጦታ ሲያገኝ እንኳ አስቀድሞ አምፖሎቹን መለወጥ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ደረጃ፦ የሶላር ኃይል መትከል

በኢትዮጵያ የሶላር ኤሌክትሪክ አዲስ ነገር አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ለገጠር ቤቶችና ለትምህርት ቤቶች መብራት የሚሆኑ ሥርዓቶች መተከል ጀምረዋል። በ1977 ዓ.ም. በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል የተተከለው 10.5 ኪሎዋት ሥርዓት 300 ገደማ ቤተሰቦችን ያገለግል ነበር፤ ኋላም ለውሃ ፓምፕና ለእህል ወፍጮ እንዲያገለግል ወደ 30 ኪሎዋት አድጓል። በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ የሚገኘው የሬማ መንደር ደግሞ በሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን አማካይነት በርካታ ቤቶቹ የሶላር መብራት ያገኙበት፣ ከተከላው ጎን ለጎንም የቴክኒሻኖች ሥልጠና የተሰጠበት መንደር ነው።

በሌላ በኩል በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር መረብ ያልደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች በጄኔሬተር እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር። ናፍጣ በጠፋበት ወይም ጄኔሬተሩ በተበላሸበት ጊዜ ትምህርቱ ይቋረጥ ነበር። ከእነዚህ ልምዶች የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ መሣሪያው ብቻውን አገልግሎት አይሆንም፤ ከኋላው የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብና የሚጠግነው ሰው ሊኖር ይገባል።

በአሶሳና አካባቢው ተከላ ሲከናወን የሚከተሉት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ።

*አቅጣጫና ዝንባሌ።* ፓኔሉ ወደ ደቡብ ዞሮ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ሊያዘነብል ይገባል። ጨርሶ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተተከለ የዝናብ ውሃ አቧራውን አጥቦ አይወስድለትም።

*ሙቀት።* ፓኔል ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ የሚሆን ኃይል ያጣል። በመሆኑም በቆርቆሮው ላይ ተጣብቆ መተከል የለበትም፤ ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ሊተው ይገባል።

*የጣሪያው አቅም።* ምስጥ የበላው የጣሪያ እንጨት የፓኔል ክብደትና የነፋስ ግፊት አይችልም። ከተከላው በፊት ማገሩና ወራጁ በባለሙያ ይመርመር፤ አስተማማኝ ካልሆነ ፓኔሉ በብረት ምሰሶ ላይ በመሬት ይተከል።

*የሣር ቃጠሎ።* በክልሉ በበጋ ወራት የሣርና የቁጥቋጦ ቃጠሎ የተለመደ ነው። በመሬት ላይ የተተከለ ፓኔል ዙሪያው ተመንጥሮ እሳት የማይሻገረው ባዶ መሬት ሊኖረው ይገባል። በእነዚህ ወራት የሚበነው አመድና አቧራ ምርቱን ስለሚቀንስ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ በማለዳ፣ ፓኔሉ ሳይግል፣ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ መታጠብ አለበት።

*መብረቅ።* በክረምት መግቢያና መውጫ ነጎድጓድ በሚበዛበት በዚህ አካባቢ የመሬት ሽቦና ድንገተኛ የኃይል ጭማሪ መከላከያ የተከላው አካል እንጂ በተጨማሪነት የሚታዩ አይደሉም። አንድ መብረቅ ኢንቨርተሩንና ቻርጅ ኮንትሮለሩን በአንድ ጊዜ ሊያቃጥል ይችላል።

*ባትሪ።* የሊድ አሲድ ባትሪ በግዢው ረከስ ቢልም በጥሩ አያያዝ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ሙቀት ደግሞ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ውድ ቢሆንም 10 ዓመት ገደማ ሊያገለግል ይችላል። የትኛውም ቢመረጥ በጥላ ሥር፣ አየር በሚዘዋወርበትና በሚቆለፍ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ ተማሪዎች ከሚማሩበት ክፍል ውስጥ ግን መቀመጥ የለበትም።

*ጥራት።* በጨረታ ሰነድ ላይ ፓኔሎቹ የዓለም አቀፉን የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መስፈርት 61215 (ብቃት) እና 61730 (ደኅንነት) የሚያሟሉ መሆናቸው፣ የዋስትና ጊዜያቸውና የመለዋወጫቸው ምንጭ በግልጽ ሊጠቀስ ይገባል።

የውሃ ፓምፕ

ትምህርት ቤቱ የጉድጓድ ውሃ ካለው በሶላር የሚሠራ ፓምፕ ከሁሉም ቀላሉ ተከላ ነው። ፓምፑ ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ውሃውን ወደ ከፍተኛ ቦታ ወደተሰቀለ ታንከር ይገፋል፤ ሌሊት ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። የተጠራቀመው ውሃ የባትሪን ተግባር ስለሚፈጽም ባትሪ አያስፈልግም። በትምህርት ቤት ግቢ ውሃ መኖሩ የእጅ መታጠቢያንና የመጸዳጃ ቤት ንጽሕናን ያሟላል። ይህ በተለይ በወር አበባ ጊዜ ከትምህርት ገበታ ለሚቀሩ ልጃገረዶች ትርጉሙ ከፍተኛ ነው።

የምገባ ኩሽናና የማገዶ ቁጠባ

የትምህርት ቤት ምገባ በተጀመረባቸው ትምህርት ቤቶች ትልቁ የኃይል ፍጆታ የሚገኘው በመማሪያ ክፍል ሳይሆን በኩሽና ነው። ለመቶዎች የሚበቃ ገንፎ ወይም ንፍሮ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲበስል አብዛኛው ሙቀት ወደ አየር ይበተናል፤ ጭሱም ምግብ በሚያዘጋጁት ሴቶች ዓይንና ሳንባ ላይ ይወድቃል። የሶላር ኤሌክትሪክ ይህን ያህል ሙቀት በአነስተኛ ወጪ ሊሰጥ ስለማይችል መፍትሔው የተሻሻለ ምድጃ ነው።

እንጀራ ለሚጋገርበት ኩሽና በአገር ውስጥ የተሠራው ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ለትልልቅ ድስቶች ደግሞ ድስቱን እስከ አንገቱ የሚያቅፍ፣ እሳቱ በጠባብ ክፍል ውስጥ የሚነድና ጭስ ማውጫ ያለው ተቋማዊ ምድጃ ይመከራል። ምድጃው ሲሠራ የድስቱ ልክ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ በምድጃውና በድስቱ መካከል የሚተወው ክፍተት ከሰፋ ቁጠባው ይጠፋል። ማገዶን ከመቁረጫ ጊዜው አስቀድሞ ሰብስቦ በጥላ ሥር ማድረቅ፣ ጥራጥሬን አድሮ እንዲርስ መንከርና ድስትን መክደን ምንም ወጪ የማይጠይቁ ቁጠባዎች ናቸው። በግቢው ዙሪያ ቀርከሃና ቶሎ የሚያድጉ ዛፎችን መትከል ደግሞ ለማገዶም ለጥላም ይሆናል። በቂ ውሃና የከብት እበት በአቅራቢያው የሚያገኝ፣ ወይም መጸዳጃ ቤቱን በአዲስ የሚገነባ ትምህርት ቤት ባዮጋዝንም በአማራጭነት ሊያስጠና ይችላል።

ከመረብ ጋር ለተገናኙ ትምህርት ቤቶች

በአሶሳ ከተማና መስመሩ በደረሰባቸው የወረዳ ከተሞች ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች እንዳሉ ሆነው ሦስተኛው ይለወጣል። ዓላማው መቆራረጥን መቋቋም ስለሆነ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለቢሮና ለኮምፒዩተር ክፍል ብቻ የሚበቃ አነስተኛ ሥርዓት ይተከላል። ኢንቨርተሩ መብራት ሲጠፋ ራሱን ከመረቡ የሚለይ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ይህ ካልሆነ ከትምህርት ቤቱ የሚወጣው ኃይል ወደ መስመሩ ተመልሶ በጥገና ላይ ያሉ ሠራተኞችን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በየወሩ የቆጣሪ ንባብን መዝግቦ ማወዳደር ደግሞ በሌሊት ሳይጠፋ የሚያድር ዕቃን ወይም የተበላሸ ሽቦን ለማወቅ ይረዳል።

ጥገናና ባለቤትነት

ፓኔል 25 ዓመት ያህል፣ ኢንቨርተር 10 ዓመት ገደማ፣ ባትሪ ደግሞ ከሁለቱም ባነሰ ጊዜ ያገለግላሉ። ስለዚህ ማንኛውም የሶላር ሥርዓት በዕድሜው ውስጥ ከሁለት ጊዜ ያላነሰ ባትሪ ይለወጥለታል። በምረቃው ቀን ያበራ ትምህርት ቤት በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት የሚጨልመው ብዙውን ጊዜ ይህ ወጪ አስቀድሞ ስላልታሰበበት ነው። ባትሪው ስምንት ዓመት ያገለግላል ተብሎ ቢወሰድ የወቅቱን ዋጋ አንድ ስምንተኛ በየዓመቱ በተለየ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ይገባል። ዋጋው በየጊዜው ስለሚጨምር መጠኑ በየዓመቱ መከለስ አለበት። ገንዘቡ ከትምህርት ቤት ድጎማ፣ ከኅብረተሰብ መዋጮ፣ ከትምህርት ቤቱ እርሻ ወይም ከስልክ ቻርጅ አገልግሎት ሊገኝ ይችላል። የስልክ ቻርጅ ግን በቀን ብቻ፣ ከፓኔሉ በቀጥታ የሚሰጥ ሊሆን ይገባል፤ የተማሪዎችን የምሽት ጥናት የሚሻማ ገቢ የሥርዓቱን ዓላማ ያፈርሳል።

ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች፣ ለምሳሌ አንድ የፊዚክስ ወይም የኮምፒዩተር መምህርና አንድ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ዕለታዊ ክትትሉን ሊይዙ ይገባል። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ በዝውውር ጊዜ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ከአቅማቸው በላይ ለሆነ ብልሽት የክልሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የቅርብ የሙያ አጋዥ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለተማሪዎቻቸውም የተግባር ልምምድ ይሆናቸዋል። ያረጁ ባትሪዎች አደገኛ ንጥረ ነገር ስላለባቸው ተሰብስበው ለአቅራቢው ወይም ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ መመለስ አለባቸው እንጂ በግቢ ውስጥ ሊጣሉ ወይም በተማሪዎች ሊፈቱ አይገባም።

በመተከልና በከማሺ ዞኖች ባለፉት ዓመታት በተከሰተው ግጭት ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል። እነዚህን መልሶ መገንባት የሕንፃውን አቅጣጫ፣ ኮርኒሱን፣ የሽቦ መስመሩንና የምድጃውን ቦታ ከመሠረቱ ለማስተካከል የተገኘ ዕድል ነው፤ በኋላ ከሚደረግ ማሻሻያ ይልቅ በግንባታ ጊዜ የሚደረገው ርካሽ ነው። በ«ትምህርት ለትውልድ» አገራዊ ንቅናቄ ከኅብረተሰቡ የሚሰበሰበው ሀብትም በዚሁ መንገድ ሊመራ ይችላል።

ከውሳኔ በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

1. ትምህርት ቤቱ ኃይሉን ለየትኛው አገልግሎት፣ በቀን ወይስ በምሽት፣ ለስንት ሰዓት ይፈልገዋል?
2. መስመር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደርሰዋል ወይ? ይህ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የአካባቢው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ተጠይቋል?
3. ኮርኒስ፣ ቀለም፣ መስኮትና አምፖል አስቀድመው ተሻሽለዋል?
4. ስሌቱ የተሠራው በሰኔና በመስከረም ፀሐይ ነው ወይስ በየካቲት?
5. የጣሪያው እንጨት ከምስጥ ነፃ መሆኑ ተረጋግጧል? የመሬት ሽቦና የመብረቅ መከላከያ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ተካቷል?
6. የባትሪ መተኪያ ሒሳብ ተከፍቷል? ፈራሚዎቹ እነማን ናቸው?
7. ሥርዓቱን የሚከታተሉት ሁለቱ ሰዎች ተመርጠው ሠልጥነዋል? የአቅራቢው የጥገና ግዴታ ለስንት ዓመት ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በቃለ ጉባኤ የሰፈረ መልስ ያለው ትምህርት ቤት አነስተኛ ሥርዓት ቢተክል እንኳ ለዓመታት ይጠቀምበታል። መልስ የሌለው ግን ትልቅ ሥርዓት ቢሰጠውም ለረጅም ጊዜ ሊጠቀምበት አይችልም። የትምህርት ቤት አመራሮች ግዢ ከመጀመራቸው በፊት የወረዳ የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤቶችን እንዲያማክሩ ይመከራል።